ማን ይቀስቅሳቸው? የላፕቶፕ እንቅልፍና የውጭ ሞኒተሮች ታሪክ

ላፕቶፕ ከእንቅልፉ ሲነቃ በዶክ በኩል የተያያዙት የውጭ ሞኒተሮች አብረውት አለመንቃታቸው፣ በቤቱ የሥራ ጠረጴዛ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። ዶክ የምንለው በአንድ ኬብል ከላፕቶፑ ጋር ተያይዞ ኤሌክትሪኩን፣ ሞኒተሮቹን፣ ኪቦርዱንና ኢንተርኔቱን በአንድነት የሚያገናኘውን ትንሽ ሳጥን ነው። ጠዋት ላፕቶፑ ሲነቃ አንደኛው ሞኒተር ጥቁር እንደሆነ ይቀራል፤ ወይም ሁለቱም ይበሩና ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ወይም ማታ በሁለት ሰፊ ስክሪኖች ላይ ተዘርግተው ያደሩት ሰነዶች ሁሉ በላፕቶፑ ጠባብ ገጽ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቀዋል፤ ኬብሉን ነቅሎ መልሶ መሰካት ነው። ባለሙያዎች ይህን እንደ ብልሽት ያዩታል። እኔን በኢኮኖሚስትነቴ የሚገርመኝ ግን ብልሽቱ ባለቤት ማጣቱ ነው። ዶኩን የሠራው ድርጅት በሞኒተሩ፣ ሞኒተሩን የሠራው በላፕቶፑ፣ ላፕቶፑን የሠራው በሶፍትዌሩ ያመካኛል። የሚያስቸግረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁሉም እውነታቸውን መሆኑ ነው። እያንዳንዱ የበኩሉን ስታንዳርድ አሟልቷል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ በአንድ ቀን አይፈጠርም፤ የሠላሳ ዓመት ታሪክ አለው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ከምኖርበት ከሲያትል፣ ከማውንት ቤከር ሰፈር ሆኖ መመልከት ይጠቅማል። ሰፈሩ በዋሽንግተን ሐይቅና በሬኒየር ጎዳና መካከል ያለ ኮረብታ ነው። በ1907 የኦልምስቴድ ወንድማማቾች ድርጅት ባወጣው ንድፍ ለመኖሪያ ብቻ ተብሎ ታቀደ። በ1940 በሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው ድልድይ ተከፈተ፤ ከኮረብታው ሥር የሚያልፈውም ዋሻ ሰፈሩን ከማዶው ዳርቻ ጋር አገናኘው። ማይክሮሶፍት በ1986 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከሐይቁ ማዶ ወደ ሬድመንድ ሲያዛውር፣ ይህ መኖሪያ ሰፈር ከዓለም ዋና ዋና የሶፍትዌር ቢሮዎች የሚለየው አንድ ድልድይና ጥቂት ማይል መንገድ ብቻ ሆነ። ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ስምምነቶች ውስጥ በሁለቱ ታላላቆች ላይ የፈረመው ድርጅት ከዚያ ማዶ ያለው ነው፤ በመጨረሻ ስምምነቶቹ እርስ በርሳቸው የሚጋጩት ደግሞ በእኛ ሳሎንና መኝታ ቤት ነው።

የኮምፒውተር እንቅልፍ የተስፋፋው ከተጠቃሚው ፍላጎት ይልቅ በመንግሥት ግዢ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ1992 «ኤነርጂ ስታር» የተሰኘውን መለያ ሲያወጣ የመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች ኮምፒውተርና ሞኒተር ነበሩ። መስፈርቱ አጭር ነበር፤ ዕቃው ሥራ ሲፈታ ከ30 ዋት በላይ እንዳይወስድ። መለያውን መውሰድ ግን በፈቃደኝነት ነበርና አምራቾች ሊተዉት ይችሉ ነበር። ነገሩን የለወጠው በሚያዝያ 1993 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ቁጥር 12845 ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ኮምፒውተርና ሞኒተር ይህን መስፈርት እንዲያሟላ አዘዘ። በዓለም ትልቁ የኮምፒውተር ገዢ እንዲህ ሲል፣ ለመንግሥት አንድ ዓይነት ለሕዝብ ሌላ ዓይነት ማምረት አያዋጣምና እንቅልፍ የሁሉም ኮምፒውተር ባሕርይ ሆነ። ቀረጥም ክልከላም አላስፈለገም። የገዢ ጉልበት ብቻውን ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለተማሪ ማስረዳት ለሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ልብ መባል ያለበት ግን መስፈርቱ የለካው መተኛቱን መሆኑ ነው። ጥቅሙ፣ ማለትም የሚቆጠበው ኤሌክትሪክ፣ በዋት ተለክቶ ባለቤት አገኘ። የመንቃቱ ወጪ፣ ማለትም የሰው ጊዜ፣ አልተለካም።

መጀመሪያ ላይ ይህ ብዙም አልጎዳም፤ ምክንያቱም በኮምፒውተርና በሞኒተር መካከል የነበረው ግንኙነት እጅግ ቀላል ነበር። ቬሳ የሚባለው የስክሪን አምራቾች ማኅበር በ1993 ባወጣው ስታንዳርድ መሠረት ኮምፒውተሩ ለሞኒተሩ ከሚልካቸው ሁለት የማስተካከያ ምቶች አንዱን ወይም ሁለቱንም ሲያቋርጥ ሞኒተሩ ያንን እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ምቱ ከጠፋ ይተኛል፤ ምቱ ከተመለሰ ይነቃል። ጥያቄና መልስ የለም፤ ድርድር የለም። ኮምፒውተሩ በሌላኛው ጫፍ ሞኒተር መኖሩን እንኳ በእርግጠኝነት ሳያውቅ ሥዕሉን ይልካል። ድንቁርና ነው፤ ነገር ግን አስተማማኝ ድንቁርና ነበር። በዚያ ዘመን ከእንቅልፍ ሲመለስ ግራና ቀኙ የተምታታበት ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩ ሞኒተሮቹን በመልክ አያውቃቸውም ነበርና።

መልካቸውን ማወቅ የጀመረው በቀጣዩ ዓመት ነው። በ1994 ቬሳ እያንዳንዱ ሞኒተር 128 ባይት የምትሆን አንዲት አጭር መታወቂያ እንዲይዝ ወሰነ። መታወቂያዋ የአምራቹን ስም በሦስት ፊደል፣ የሞዴሉን ቁጥር፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት፣ እንዲሁም ስክሪኑ ሊያሳየው የሚችለውን መጠን ትይዛለች። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያነብበት መንገድ ፊሊፕስ በ1982 ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ውስጣዊ ክፍሎች ያዘጋጀው ዘገምተኛ መስመር ነበር። ዓላማው ቀና ነው፤ ተጠቃሚው የሞኒተሩን መጠን በእጁ ከማስገባት ይገላገላል። ዳሩ ግን ብዙ አምራቾች የመለያ ቁጥሩን ቦታ ዜሮ አድርገው ተዉት፤ ወይም በአንድ ሞዴል ሁሉ ላይ ያንኑ ቁጥር ደገሙት። ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ቁጥር መጻፍ በማምረቻ መስመሩ ላይ ጥቂት ሳንቲም ያስወጣል፤ ያንን ሳንቲም የሚመልስ ገዢ የለም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ሰው ከአንድ ሱቅ ሁለት አንድ ዓይነት ሞኒተሮች ገዝቶ በአንድ ዶክ ላይ ሲሰካቸው፣ ላፕቶፑ ሁለት መንትዮችን በአንድ መታወቂያ ያገኛል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ያሉት መንትዮች በሳምንት አንድ ሁለቴ ቦታ ይለዋወጣሉ። ችግሩ የሞኒተሮቹን ዋጋ ሳይሆን የዚያችን የዜሮ ቦታ ታሪክ የተከተለ ነው።

በላፕቶፑ በኩል ደግሞ ሌላ የሥልጣን ሽግግር እየተካሄደ ነበር። በ1992 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት የመጀመሪያው ስምምነት እንቅልፍን የሰጠው ለባዮስ፣ ማለትም በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ለተቀመጠው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው። ባዮሱ ያሻው ጊዜ ማሽኑን ያስተኛዋል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንዳንዴ የሚያውቀው ከነቃ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1996 ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍትና ቶሺባ ባወጡት አዲስ ስታንዳርድ ውሳኔው ወደ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ተሻገረ፤ የእንቅልፍ ደረጃዎችም በቁጥር ተለዩ። ከእነዚህ ውስጥ ለላፕቶፕ ተጠቃሚ ዋነኛው ሦስተኛው ነው፤ ሁሉም ነገር ይጠፋና ማስታወሻው ብቻ በጥቂት ኤሌክትሪክ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ማይክሮሶፍት እንደ ስልክ ያለ ቀለል ያለ እንቅልፍ አመጣ፤ ማሽኑ ሙሉ በሙሉ አይተኛም፣ እያንቀላፋ ኢሜይል ይቀበላል። በነዚህ ሁሉ ለውጦች ውስጥ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አዛዥነቱን ያገኘው በላፕቶፑ ቅርፊት ውስጥ ባሉት ነገሮች ላይ ነው። ከኬብሉ ማዶ ያለው አገር የራሱ ሕግ አለው።

ዶኮችም ቢሆኑ መጀመሪያ ላይ የዚያው አገር ዜጎች ነበሩ። አፕል በ1992 ያወጣው ዱኦ ዶክ ላፕቶፑን እንደ ቪዲዮ ካሴት በሞተር ስቦ ወደ ውስጡ ይውጠው ነበር። ላፕቶፑም፣ ዶኩም፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም የአንድ ድርጅት ሥራ ስለነበሩ አንድ ነገር ቢሳሳት ተጠያቂው ግልጽ ነው። በተከታዮቹ ሃያ ዓመታት ሌሎቹም ትልልቅ አምራቾች ለየራሳቸው ላፕቶፕ ብቻ የሚሆን ዶክ ሠሩ፤ ውድ ነበር፣ ከሌላ ማሽን ጋር አይሠራም ነበር፣ ማሽኑ ሲቀየር ዶኩም ይጣል ነበር። በነሐሴ 2014 የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ስታንዳርድ ታተመ፤ በማግስቱ ወር ቬሳ የሞኒተር ሥዕል በዚያው መሰኪያ እንዲያልፍ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ማንም የሠራው ዶክ በማንም ላፕቶፕ ላይ ሊሰካ ቻለ፤ ውድድሩ ገባ፣ ዋጋውም ወረደ። የተጠቃሚው ትርፍ እውነተኛ ነው፤ ወደ ቀድሞው ዘመን እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም። ነገር ግን ቀድሞ በአንድ ድርጅት ግድግዳ ውስጥ የነበረው ውል ወደ ገበያ ሲወጣ ተበታተነ።

አሁን አንድ ላፕቶፕ ሲነቃ የሚሆነውን በቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ ላፕቶፑና ዶኩ ስለ ኤሌክትሪክ ይደራደራሉ፤ ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ፣ ምን ያህል ዋት። ቀጥሎ በኬብሉ ውስጥ ካሉት አራት ፈጣን መስመሮች ስንቱ ለሥዕል፣ ስንቱ ለሌላ መረጃ እንደሚውል ይስማማሉ። ከዚያ ዶኩ አንዱን የሥዕል ጅረት ለሁለት ሞኒተሮች የሚከፍል ከሆነ በስተኋላው እነማን እንዳሉ ቆጥሮ ሪፖርት ያደርጋል። ላፕቶፑ የእያንዳንዱን ሞኒተር መታወቂያ ያነባል። ቀጥሎ የመስመር ልምምድ የሚባለው ይመጣል፤ ሁለቱ ወገኖች በምን ፍጥነት ሳይሳሳቱ መነጋገር እንደሚችሉ ይሞክራሉ፤ ካልተሳካ ዝቅ ብለው ይደግሙታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው አንድ ሥዕል የሚታየው። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ማለቅ አለበት፤ እያንዳንዱም እርምጃ በተለያየ ኮሚቴ፣ በተለያየ ዓመት የተጻፈ ሕግ አለው።

በዚህ መካከል ሞኒተሩ ራሱ ተኝቷል። በ2006 የወጣው ዲስፕሌይፖርት የሞኒተሩን መኖር የሚናገር አንድ የተለየ ፒን አለው። በዚያ ፒን ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ቢወርድ «አንድ የምነግርህ አለኝ» ማለት ነው፤ ከሁለት ሺኛ ሰከንድ በላይ ወርዶ ከቆየ ግን «ተነቅያለሁ» ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ሲል በጣም ጠልቆ የሚተኛ ሞኒተር ይህን ፒን ሊጥለው ይችላል። ያኔ ላፕቶፑ ሞኒተሩ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ የተወሰደ ይመስለውና ሰነዶቹን ሁሉ ወደ ቀረው ስክሪን ይሰበስባል። ሞኒተሩ ከተቀሰቀሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ሥዕል የሚመጣበትን መሰኪያ ለማግኘት አንዱን ከሌላው እየቀያየረ ይፈልጋል። ላፕቶፑ ሲጣራ ሞኒተሩ ሌላውን በር እያየ ከሆነ መልስ አይሰጥም፤ ሞኒተሩ ወደዚህ በር ሲመለስ ደግሞ ላፕቶፑ ተስፋ ቆርጧል። ሁለት ሰዎች እኩል ስልክ ሲደዋወሉ «መስመሩ ተይዟል» እንደሚባባሉት ነው። ኬብሉን ነቅሎ መሰካት የሚሠራው ኬብሉ ስለተበላሸ ሳይሆን ድርድሩ ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲጀመር ስለሚያስገድድ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ ሁሉም ነቅተው ስለሚገኙ ነው። ኬብሉን ሦስቴ የሚቀይር ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ዓይነት ነው።

ሳንፎርድ ግሮስማንና ኦሊቨር ሃርት በ1986 ባሳተሙት ሥራ፣ ሃርትም በ2016 የኖቤል ሽልማት ከተጋራበት ምክንያት አንዱ በሆነው ንድፈ ሐሳብ፣ ማንም ውል የወደፊቱን ሁኔታ ሁሉ አስቀድሞ መጻፍ እንደማይችል ይነሣል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ውሉ ዝም ባለበት ቦታ የሚወስነው ማን ነው የሚል ይሆናል። በዱኦ ዶክ ዘመን ውሉ ዝም ባለበት የሚወስነው አምራቹ ነበር። ዛሬ ውሉ ዝም ባለበት የሚወስነው ጠረጴዛው ዘንድ የተቀመጠው ሰው ነው፤ መሣሪያውም ጣቱና ኬብሉ ነው። ይህን የመወሰን መብት ፈልጎ አልገዛውም። ከርካሹ ዶክ ጋር አብሮ መጣበት።

ይህ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ወጪ ከቢሮ ወደ ቤት የተዛወረው በመጋቢት 2020 ነው። ማይክሮሶፍት በወሩ መጀመሪያ በሲያትል አካባቢ ያሉ ሠራተኞቹ ከቤት እንዲሠሩ ጠየቀ፤ በ23ኛው ቀን የዋሽንግተን ግዛት ገዥ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ አዘዙ። በቢሮ ውስጥ ጥቁር ስክሪን የሚጠራው የአይቲ ክፍል ነበር፤ በማውንት ቤከር የመኝታ ክፍል ውስጥ ግን የሚጠራ የለም። ደመወዙ በዓመት ለሚቆረጥለት ኢንጂነር ይህ መበሳጨት ብቻ ነው። በሰዓት ወይም በደቂቃ ለሚከፈለው ግን ሌላ ነው። ከሬኒየር ጎዳና ግራና ቀኝ ከሚኖረው ወገናችን መካከል ለሆስፒታልና ለፍርድ ቤት በስልክና በቪዲዮ የሚያስተረጉም፣ የደንበኞች ጥሪ የሚቀበል አለ፤ የእነርሱ ሥራ የሚቆጠረው ስክሪኑ በርቶ ጥሪው ሲገባ ነው።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ይህን ጉዳይ ማየት የጀመሩት በዚሁ ሰሞን መሆኑ ድንገተኛ አይመስለኝም። በ2021 የአሥረኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የጥሪ ማዕከል ሠራተኞች ኮምፒውተራቸውን ቀስቅሰው ፕሮግራማቸውን የሚከፍቱበት በአማካይ ሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ ሊከፈልበት እንደሚገባ ወሰነ። አሠሪው ጊዜው ኢምንት ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ በየቀኑ የሚደጋገም ሁለት ደቂቃ ግን ኢምንት አይደለም ተባለ። በጥቅምት 2022 ዋሽንግተን ግዛት የምትገኝበት የዘጠነኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ከኔቫዳ በመጣ ተመሳሳይ ክርክር ላይ፣ ጥሪው የሚመጣው በኮምፒውተር እስከሆነ ድረስ ማሽኑን ማስነሣት ከሥራው የማይነጠል አካል ነው ሲል ፈረደ። ዳኞቹ የተረጎሙት የ1938ቱን የሠራተኛ ሕግ ነው። የስታንዳርድ ኮሚቴዎቹ ያልለኩትን ጊዜ በመጨረሻ የለካው፣ ኮምፒውተር ሳይኖር የተጻፈ ሕግ ሆነ።

ከሐይቁ ማዶ የመጣውም መልስ ትምህርት አለው። በጥቅምት 2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ሞኒተር ሲነቀል መስኮቶቹን አሳንሶ የሚያቆይ፣ ሞኒተሩ ሲመለስ ደግሞ እያንዳንዱን ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመልስ ምርጫ ይዞ መጣ። ሞኒተሩ አሁንም ሊጠፋ ይችላል፤ ፒኑ አሁንም ሊወርድ ይችላል፤ የመስመር ልምምዱ አሁንም ሊከሽፍ ይችላል። የተለወጠው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ትላንት ማታ ማን የት እንደነበረ ለማስታወስ መስማማቱ ነው። ያለ እርሱ ጥፋት የመጣን ጉዳት ጥቂቱን ወደ ራሱ ሒሳብ አዛወረ። ለአሥራ አምስት ዓመት በሽቦው ላይ የተደረገው መሻሻል ያላደረገውን፣ አንድ ወገን ኃላፊነቱን ሲወስድ አደረገው። በመንትዮቹ ሞኒተሮች ላይ ግን ይህም ይደናቀፋል፤ ማስታወስ የሚቻለው መለያ ያለውን ነውና።

አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ይህ ሁሉ የቅንጦት ችግር ይመስል ይሆናል፤ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ ዶኩና ሞኒተሮቹ ግን ያኔውኑ ይሞታሉ። ይኸውም እንቅልፍ በተገላቢጦሽ ማለት ነው፤ ማዕከሉ ነቅቶ ዳርቻው ይተኛል። መብራቱ ሲመለስ ያው ድርድር ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ሲርገበገብ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ሦስት አራቴ ይጀመርና ይቋረጣል። ስለዚህ ዩፒኤስ ያለው ሰው ሞኒተሮቹን ብቻ ሳይሆን ከሁሉ በፊት ዶኩን ከእርሱ ጋር ቢያያይዝ ይሻለዋል፤ ዶኩ ካልሞተ ላፕቶፑ ከእርሱ ጋር ያለውን ስምምነት አያፈርስምና የሚቀረው የሞኒተሩ መታወቂያና የመስመር ልምምዱ ብቻ ነው። በሲያትል ለሚኖር ዘመድ «ዶክ ላክልኝ» የሚል ሰውም የመሰኪያዎቹን ብዛት ከመጠየቁ በፊት ዶኩ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው መሆኑን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ወደ ኤነርጂ ስታር ልመለስ፤ አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ። በ2009 ሥራ ላይ የዋለው የኮምፒውተር መስፈርት ለእንቅልፍ ትርጉም ሲሰጥ ስለ መንቃትም ተናግሯል። የተኛ ኮምፒውተር ከተቀሰቀሰበት ቅጽበት አንሥቶ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ለሥራ ዝግጁ መሆን አለበት፤ ዝግጁነቱም ሥዕሉ በስክሪን ላይ መታየቱን ይጨምራል። የመንቃት ወጪ በሰከንድ ተጽፎ፣ በገዢው ስም የተቀመጠበት ቦታ ይህ ነው። የሚለካው ግን ኮምፒውተሩ ብቻውን ነው፤ ላፕቶፕ ሲሆን ስክሪኑ ከራሱ ጋር አብሮ የተሠራው ነው፤ ዶኩና ከእርሱ ማዶ ያሉት ሁለት ሞኒተሮች በመለኪያው ጠረጴዛ ላይ የሉም። በሺህ የሚቆጠሩ ዶኮች በአንድ ጨረታ የሚገዛ ዩኒቨርሲቲ፣ የከተማ አስተዳደር ወይም ሆስፒታል ያንኑ የአምስት ሰከንድ አንቀጽ «በዶክ በኩል የተያያዙትን ሞኒተሮች ጨምሮ» በሚል ሐረግ አስረዝሞ በግዢ ሰነዱ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ የሞኒተሩ መለያ ቁጥር ዜሮ እንዳይሆንም በሌላ አንድ መስመር ሊጠይቅ ይችላል። በ1993 ትእዛዝ የሆነው የ30 ዋቱ አንቀጽም በቁመቱ ከዚህ ብዙ አይበልጥም ነበር።